ፍሬኑን ርገጪ

«ፍሬኑን ርገጪ፣ በይ እንዳትለቂው፣
በቃ እስክልሽ ድረስ ጥርስሽን ነክሰሽ ጠብቂው!»
አለኝ ናዛሬኑ ከሞሪሷ አፍንጫ ሥር፣
ፊቱ አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ከብረት ጋር ሲማከር።

ጋራዣችን ጠባብ፣ የዛባር ቢጫ ድንጋይ፣
አቧራው እንደ ዱቄት ይንሳፈፋል ጨረር ላይ።
ራዲያተሩ ወርዶ ግድግዳ ተደግፏል፣
ቺንጊያው እንደ እባብ ቆዳ ወለሉ ላይ ተጥሏል፣
እኔ መሪው ኋላ፣ በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣
በቤት ጫማ ፔዳል ስረግጥ፣ እያመመኝ ጉልበቴ።

የፊተኛው ቡሎን አርባ ዓመት አልተፈታም፣
ከአባቱ ወዲህ ማንም ቁልፍ ይዞ አልመጣም።
ቁልፉ ጫፍ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ አስረዘመው፣
ቅዱሳኑን ጠራ፤ ግማሹን ለመነው፣ ግማሹን ሰደበው።
ጧ! አለ።
መኪናዋ ዘለለች፣ እኔም ዘለልኩ አብሬ፣
ፍሬኑን ግን አልለቀቅኩም፤ ይህን ቁጠሩልኝ ለክብሬ።

ፑሌጃው ወጣ፣ እንደ ወተት ጥርስ ተነቃንቆ፣
ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋን ብረት ከንፈሩ ላይ ያዛት፣ እንዳትጠፋ ተጠንቅቆ።
ሽፋኑን ፈትቶ፣ ኦይል ሲሉን በካቻቢቴ ፈልፍሎ፣
«ይኸው ጉደኛው» አለኝ፣ መዳፌ ላይ ጥሎ።
ከዚህ ግባ የማይባል የላስቲክ ቀለበት፣
ጠርዙ እንደ ደረቀ ከንፈር ስንጥቅ የበዛበት።
የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ፑሌጃው አንገት ላይ ያየሁት፣
አንድ ቀጭን ቦይ፣ በጥፍሬ ጫፍ የዳሰስኩት፣
ዙሪያውን የዞረ።
ላስቲክ ነው እንዴ ብረት የቦረቦረ?
«አዎ» አለኝ፣ «ለስላሳ ነው፤ ግን ቦታውን አይለቅም፣
አቧራ ነክሶ ይዞ፣ ቀን ከሌት አይታክትም።»
ሳቅሁ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «ጫማህን በር ላይ!» እያልኩ የነዘነዝኩት፣
ይህ ሰው የት ጋ ይሆን እኔስ የቦረቦርኩት?

አዲሱን ዘይት ቀባው፣ ከንፈሩን በጣቱ አርሶ፣
በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ኮርኩሞ፣ ደግሞ መልሶ።
እስከ ጥጉ ግን አልከተተውም፣ ሁለት ሚሊ አስቀረ፤
«በአሮጌው ቦይ ከሄደ፣ ያው ማልቀሱ አልቀረ፤
ጎን ለጎን፣ ባልተነካ ብረት ላይ ይሩጥ።»
ሽፋኑን ሳያጠብቅ ፑሌጃውን ሰካ፣ መሐል እስኪቀመጥ፣
ከዚያ ቡሎኖቹን ግራ ቀኝ እያለ፣
ሠላሳ ዓመት መርከብ እንደ ጠገነ ሰው አስተካከለ።

አሁን ሐቁን ልናገር፤ ለሱ ያልነገርኩትን።
እወደው ነበር ያንን ጠብታ፣ እሱ የሚያፍርበትን።
ጎረቤታችን ቸሌስታ አመድ ስትበትንበት፣
«መኪናችሁ ሽንቷን አትቋጥርም» ብላ ስትስቅበት፣
እኔ ዝም። ምክንያቱም
ዓርብ ዓርብ «ዓሣ ልገዛ» ብሎ ወጥቶ ባዶ እጁን ሲመጣ፣
አንድ ቀን ጠብታዋን ተከተልኩ፣ በእግሬ፣ በዚያ ሁሉ ቁጣ።
እንደ ጥቁር ሳንቲም፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣
ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ፣ ቁልቁል በወደቡ መንገድ።
ሴት ናት ብዬ ነበር።
ጠብታው ያቆመው ግን በተዘጋው የመርከብ ጥገና ግቢ በር፤
አንድ ቦታ ኩሬ ሠርቷል። ብዙ ዓርብ እዚያ ቆሞ ነበር።
መሪውን ጨብጦ የዛገውን ክሬን ያያል፣
ክሬኑ ላይ የባሕር ወፍ እሱን ቁልቁል ይመለከታል።
ከአጥሩ ኋላ አየሁት። ሳልጠራው ተመለስኩ።
ሽንኩርት ከተፍኩ። ሲመጣም «ዓሣውስ?» ብዬ አልጠየቅኩ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ካርቶን ከሥሩ ዘረጋ፣
ካርቶኑ ደረቅ እንዳለ፣ አንዲት ነጥብ ሳይታይ ነጋ።
ቸሌስታን ከነፒጃማዋ ጠርቶ አሳያት።
«እንግዲህ አመድሽን ለአበባሽ» አላት።
እኔ ካርቶኑን አጥፌ አነሣሁ።
መንገዱ ከእንግዲህ ምንም አይነግረኝም።

ዛሬ ዓርብ ነው። ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ
ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ።
«ወዴት?» አለኝ።
«ዓሣ ልንገዛ ነዋ» አልኩት። «ንዳ። በወደቡ በኩል።»
ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ።